በዋጠው ሴል ውስጥ የሚኖር ፈንገስ፦ ክሪፕቶኮከስና ማክሮፋጅ

በመማሪያ መጻሕፍት ማክሮፋጅ የሰውነት ዘብ ነው፦ ባዕድ ተህዋስ ሲያገኝ ይውጣል፣ በአሲድና በኢንዛይም ያሟሟዋል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የዚህ ትረካ አባት ኢልያ ሜችኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው ጥናት፣ ዳፍኒያ የተባለችውን ደቃቅ የውሃ ፍጥረት የሚያጠቃ እርሾ መሰል ፈንገስ በዋጭ ሴሎቿ ሲዋጥ ያሳያል። ሴሎቹ ከበረቱ ዳፍኒያዋ ትድናለች፤ ካልበረቱ ትሞታለች። የሴላዊ መከላከል ንድፈ ሐሳብ ከጅምሩ ፈንገስን ተንተርሶ መቆሙን፣ ዛሬ ዓይኑን ባክቴሪያና ቫይረስ ላይ የተከለው ዘርፍ ብዙም አያስታውሰውም።

ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ ግን በዚህ የማሸነፍና የመሸነፍ ሒሳብ አይገባም። ፈንገሱ በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ ሰው ሲተነፍስ ይስበዋል፤ ሳንባ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኘው ማክሮፋጅን ነው። በኤችአይቪ የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ ወደ አንጎል ዘልቆ ማጅራት ገትር ያስከትላል። በ2022 የታተመ ግምት፣ በ2020 ብቻ 112,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ያስቀምጣል፤ ከኤድስ ጋር ከተያያዙ ሞቶች 19 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

ስለ ፈንገሱ የሚጻፉ ዳሰሳዎች አብዛኞቹ ላለመዋጥ ከሚጠቀምባቸው ስልቶች ይጀምራሉ። በስኳር ሰንሰለት የተሠራ ወፍራም ካፕሱል አለው፤ ካፕሱሉ የሴሉን ግድግዳ ከማክሮፋጁ ተቀባዮች ይሸፍናል። በሳንባ ውስጥ ደግሞ አንዳንዶቹ ሴሎች ከወትሮው ብዙ እጥፍ ገዝፈው ለመዋጥ የማይመቹ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ዋናውን ጉዳይ ያሳስታል።

ፈንገሱ ከተዋጠ በኋላም ይኖራል፤ ይባዛልም። በ1999 የሊቪትዝና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በሰው ማክሮፋጅ ውስጥ ያለው ክሪፕቶኮከስ የተዋጠ ነገር በሚሟሟበት አሲዳማ ከረጢት ውስጥ እንደሚቀመጥ አሳየ። ቀደም ሲል የተደረገ ሙከራም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፦ የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን የከረጢቱን አሲድ ሲቀንስ ማክሮፋጁ ፈንገሱን መግታት ቻለ። እንግዲህ ሊገድለው የታሰበው አሲድ ለፈንገሱ የተመቸ ነበር ማለት ነው። በ2015 ግን ከሮቢን ሜይ ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ፣ ሕያው ፈንገስ የከረጢቱን መብሰልና አሲዳማነት እንደሚያውክ አመለከተ። ሁለቱን ውጤቶች አንዱ ሌላውን እንደሻረ አድርጎ ማቅረብ ተለምዷል። እኔ እንደማየው ሁለቱም የሚያስረዱት ፈንገሱ በሰፊ የአሲድ ክልል ውስጥ መኖር መቻሉን ነው። ዩሪየስ የተባለው ኢንዛይሙ አሞኒያ በማመንጨት አሲዱን ያለዝባል፤ ሜላኒኑ ማክሮፋጁ የሚረጨውን ኦክሲጅን አዘል መርዝ ይቋቋማል።

ከሁሉ የሚገርመው በ2006 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው የገለጹት ክስተት ነው። ፈንገሱ ከማክሮፋጁ ይወጣል፤ ሲወጣ ግን ሁለቱም በሕይወት ይቀራሉ። ሴሉ አይፈነዳም፤ ፈንገሱም አይጎዳም። ይህ ለማን ይጠቅማል? ማክሮፋጁ የማይፈጨውን መትፋቱ ነው እንዳይባል፣ የተተፋው ፈንገስ እንደገና መባዛት ይችላል። ፈንገሱ አመለጠ እንዳይባል ደግሞ፣ በ2020 የወጣ ጥናት ማክሮፋጁ በቫይረስ ሲጠቃ ኢንተርፌሮን የተባለው የመከላከያ መልእክተኛ የፈንገሱን መውጣት እንደሚያፋጥን አሳይቷል፤ የማክሮፋጁም እጅ አለበት ማለት ነው።

የመሸሽን ትረካ ክፉኛ የሚፈትነው በ2014 የታተመው የሳቢቲና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ከኤችአይቪ ሕሙማን በተወሰዱ ዝርያዎች ላይ ተመራማሪዎቹ ያገኙት፣ በማክሮፋጅ በቀላሉ የሚዋጡት ዝርያዎች በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ከከፍተኛ የፈንገስ ብዛትና ከሞት ጋር መያያዛቸውን ነው። መዋጥ ለፈንገሱ ሽንፈት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። በእንስሳት ሙከራ የታየው፣ ፈንገሱ በተሸካሚ ሴሎች ተጭኖ የአንጎልን የደም ሥር ግንብ የሚሻገርበት መንገድም ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

በማክሮፋጅ ውስጥ የመኖር ችሎታው ከየት መጣ? ክሪፕቶኮከስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የታመመው ሰው ለፈንገሱ መጨረሻ እንጂ መሸጋገሪያ አይደለም፤ ስለዚህ ችሎታውን ከሰው ጋር በመታገል አዳበረው ማለት ያስቸግራል። በ2001 ስቲንበርገን፣ ሹማንና ካሳዴቫል ያቀረቡት መልስ እንደ ማክሮፋጅ ተህዋስን የሚውጠው ባለ አንድ ሴል ፍጥረት፣ አሜባ ነው። ፈንገሱ በአፈር ውስጥ አሜባን ሲቋቋም የተማረውን በማክሮፋጅ ላይ ይጠቀምበታል። መላምቱ ያማረ ነው፤ ማማሩም ትንሽ ያስጠረጥራል። ፈንገሱ በ37 ዲግሪ መኖር መቻሉን አሜባ ብቻውን አያስረዳም። ከአሜባ ጋር ሲኖሩ የከረሙ ዝርያዎችም ባሕርያቸው በብዙ አቅጣጫ ይለወጣል እንጂ ሁልጊዜ የባሰ ገዳይ አይሆኑም። መላምቱን መነሻ አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው፤ የተሟላ ማብራሪያ አድርጎ መጥቀስ ግን አይደለም።

ጤነኛ ሰው ለምን አይታመምም ለሚለው መልሱ በአብዛኛው ከማክሮፋጁ ውጭ ነው። ሲዲ4 ቲ ሴሎች የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ ማክሮፋጁን ከማደሪያነት ወደ ገዳይነት ይለውጠዋል፤ ኤችአይቪ የሚያጠፋውም እነዚህኑ ሴሎች ነው። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ በ2012 በታተመ ሙከራ ከፀረ ፈንገስ መድኃኒቱ ጋር ኢንተርፌሮን ጋማ የተጨመረላቸው ሕሙማን ፈንገሱ ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሻቸው ቶሎ ጠራ። የሞትን ልዩነት ለማሳየት ግን የሙከራው ተሳታፊዎች ቁጥር አይበቃም ነበር።