671 አር አር ማግኔት አይፈልግም

“ጋሼ፣ ጥሩ የኤሌክትሮኒክ ቦርድ የቱ ነው?” አለኝ አንድ ወጣት በስልክ። ዮርክ፣ ፔንሲልቫኒያ በየዓመቱ በኤፕሪልና በኦክቶበር ከሚቆመው የአሮጌ አሻንጉሊት ባቡሮች ገበያ ደርሶ መመለሱ ነበር፤ የመጀመሪያውን የላየነል አሻንጉሊት ባቡር ገዝቷል። የገዛው ተራ ነገር አይደለም፤ 671 አር አር ነው። ዕቅዱን በደስታ ዘረዘረልኝ፤ የውስጡን አቅጣጫ መቀየሪያ አውጥቶ ቦርድ ሊተካበት፣ ጎማዎቹን ማግኔት ባላቸው ሊለውጥ፣ ቀለሙንም ልጦ እንደ አዲስ ሊቀባው አስቧል። ሦስቱንም አትንካ አልኩት። ምክንያቱን በስልክ ለመጨረስ ጊዜ አልበቃንም፤ እዚህ ልጨርሰው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በማግኔቱ ልጀምር። 671 በ1946 ሲወጣ የተቀዳው ከፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር ኤስ-2 ነው፤ በፒስተን ፋንታ በእንፋሎት ተርባይን የሚሄድ፣ በ1944 አንድ ብቻ ተሠርቶ የቀረ ሎኮሞቲቭ። ሲፈጥን ድንቅ ነበር፤ ዝግ ሲል ግን እንፋሎቱን እየጠጣ ቦይለሩን ይጎዳ ነበር። በ1949 ከሥራ ወጣ፤ በኋላም ተቆራርጦ ብረቱ ተሸጠ። ዛሬ በዓለም ላይ አንድም ኤስ-2 የለም። ያንን ባቡር በእጁ መንካት የሚፈልግ ሰው ያለው ሞዴሉ ብቻ ነው፤ የላየነሉም የተሠራው በጣም ብዙ ልጆች እጅ እንዲገባ ተደርጎ ነው።

በ1950 ላየነል በሎኮሞቲቮቹ ላይ ማግኔት መግጠም ጀመረ። ጎማው ሀዲዱን እየሳበ ስለሚይዝ ባቡሩ ብዙ ፉርጎ ይጎትታል፣ ኩርባ ላይም አይወድቅም። ተርባይኑም ማግኔት ገብቶበት ቁጥሩ 681 ሆነ። ማግኔቱ የሚሠራው አልኒኮ ከሚባለው ቅይጥ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት። የኮሪያ ጦርነት ሲበረታ ኒኬልና ኮባልት ለጦር መሣሪያ ስለተፈለጉ ለአሻንጉሊት የሚተርፍ ጠፋ። ስለዚህ በ1952 ተርባይኑ ያለ ማግኔት ተሠራ፤ የቀድሞ ቁጥሩም ተመለሰለት፣ ከሥሩም አር አር የሚሉ ሁለት ፊደሎች ተመቱበት። በ1953 ማግኔቱ ሲመለስ 681ም ተመለሰ። 671 አር አር የአንድ ዓመት ሥራ ነው።

በዚያው ጦርነት ከ1951 ጀምሮ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ተሰልፎ ነበር። አክሊሉ ሀብተወልድ በውጭ ጉዳይ በነበሩበት ዘመን የተላኩት እነዚያ ወታደሮች በየኮረብታው ሲዋጉ፣ ኒው ጀርሲ ያለ ፋብሪካ ደግሞ የልጆችን ባቡር በጎደለ ዕቃ ይገጣጥም ነበር። ይህንን ሎኮሞቲቭ ገልብጬ የአክሱሉን ቦታ ሳየው የማየው ይህንን ነው። ማግኔቱ አለመኖሩ የጉድለት ምልክት አይደለም፤ የዓመቱ ማህተም ነው። ማግኔት የገባበት 671 አር አር ደግሞ ውሸት የሚናገር 681 ነው። 681 የሚፈልግ ሰው 681 ይግዛ፤ ገበያው ላይ ሞልቷል።

ስለ መጎተት አቅሙ የሚጨነቅ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ፉርጎ ይቀንስ። አካሉ በቅርጽ የፈሰሰ ከባድ ብረት ነው። ደልዳላ መስመር ላይ፣ ጎማውም ሀዲዱም ከተጠረጉ፣ ልከኛ ሰልፍ ያለ ምንም ችግር ይጎትታል። ዳገት ላይ ጎማው ከዞረ ዳገቱን አለዝቡት። የማሽኑን አቅም አይቶ ጭነቱን መወሰን የነጂው ሥራ ነው፤ ይህ እምነቴ ከየት እንደመጣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ፣ ወደ አቅጣጫ መቀየሪያው ከበሮ ልምጣ።

የላየነል ሞተር በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ስለዚህ በሀዲዱ ላይ ሽቦ በማገላበጥ ወደኋላ አይሄድም። ወደኋላ የሚሄደው በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በዙሪያው ካለው ጥቅል ሽቦ አንፃር ሲገለበጥ ብቻ ነው። ይህንን የምትሠራው ኢ-ዩኒት በሚባለው አቅጣጫ መቀየሪያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከበሮ ናት። ኃይል ሲመጣ ጥቅሉ ሽቦ ዘንጉን ይስባል፤ ሲቋረጥ ዘንጉ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በዘንጉ ላይ ያለው ጥፍር ከበሮዋን በየጊዜው አንድ ጥርስ ይገፋታል፤ ቀጫጭን የመዳብ ጣቶች በላይዋ ያርፋሉ። ወደፊት፣ ቁም፣ ወደኋላ፣ ቁም። ሌላ ነገር የለም። ባቡሩ ቆሞ ኃይል እስካለው ድረስ የሚሰማው ጉርምርምታም ከዚሁ ጥቅል ሽቦ ነው።

ቦርድ የሚያስገቡ ሰዎች ክርክር ደካማ አይደለም። ቦርዱ አይጉረመረምም፣ አይነክስም፣ ባቡሩን ዝግ አድርጎ ያስነሳል። እውነት ነው። ነገር ግን ቦርድ የተበላሸ ዕለት ይጣላል፤ ለምን እንደሞተ ዓይን አያየውም፣ እጅም አይደርስበትም። ከበሮዋ ስትታመም ግን በሽታዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይታያል። ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ አሁንም በካቻቢቴ፣ በካውያና በትዕግሥት ይነሳል። ይህንን አውጥቶ በሌላ ሰው ፋብሪካ ቸርነት የሚኖር ሰሌዳ ማስገባት እድገት አይመስለኝም።

ደግሞም ሞተች ተብላ ከምትመጣልኝ ከበሮ አብዛኛዋ አልሞተችም፤ ዘይት አጠጥተዋታል። ሰው ባቡር ሲዘገይ ያየበት ሁሉ ዘይት ያንጠባጥባል። ዘይቱ ከሞተሩ ካርቦኖች ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ልጥፍ ይሆንና በጣቶቹና በከበሮዋ መካከል ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ ይዘጋል፣ ወይም ማለፍ በሌለበት ያልፋል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው፤ ኢ-ዩኒት ውስጥ አንድ ጠብታ ዘይት አይገባም። በአልኮል ታጥባ፣ በአየር ደርቃ፣ እንደደረቀች ትሥራ። ለጥርሶቹ ግሪስ፣ ለአክሱሉ ጫፍ ትንሽ ዘይት፤ ለከበሮዋ ምንም።

ጣቶቹን በፒንሳ የሚያቃና ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙ። መዳቡ ቀጭን ነው፤ አንዴ ከተቆለመመ ሞላነቱን ያጣል፣ ቀጥሎም ይሰበራል። የእርሳስ ላጲስ ጥቁረቱን ያነሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው በጥፍር ጫፍ ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ሽቦዎቹን ደግሞ ተመልከቱ። የድሮው መሸፈኛ ደርቆ እንደ ቆሎ የሚሰባበር ከሆነ ለስላሳ ሽቦ ይተካበት፤ ደረቅ ሽቦ ጣቶቹ የተያዙበትን ሰሌዳ ወደ ጎን እየጎተተ ንክኪውን ያበላሻል። ብዙዎች “ከበሮዋ ተበልታለች” የሚሉት ጣጣ በዚህ ያበቃል። እውነት ተበልታ ከሆነም ያው ዓይነት ከበሮ ዛሬም ይገኛል። ያኔም ቢሆን ከበሮ በከበሮ ይተካል እንጂ በሌላ ነገር አይተካም።

የሞተሩ ካርቦኖች በሚያርፉበት የመዳብ ፊት ላይም ያው ጥንቃቄ ነው። ክፍተቶቹን በስቴኪኒ ጥረጉ፤ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ደግሞ ባቡር ካለበት ክፍል ይውጣ። ሀዲድ ያበራል ብለው የሚፈገፍጉበት አሉ፤ የሚረግፈው የብረት ፀጉር ወደ ሞተር ይገባል፣ ማግኔት ባለው ጎማ ላይ ከተጣበቀማ ማን ያወጣዋል?

ቀለምን በተመለከተ ከብዙ የዕድሜ እኩዮቼ ጋር አልስማማም። ተላልጦ የተቀባ ሎኮሞቲቭ ሲያብረቀርቅ ያምራል፤ ሁለተኛ ግን የ1952 ቀለም አይኖረውም። ጫፉ ላይ የተፋቀው፣ ከወለል ወድቆ የተጫረው፣ የመጀመሪያው ልጅ ስንት ጊዜ እንደነዳው ይናገራል። የላየነል ጥቁር ቀለም በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ብቻ የሚመልሰው መልክ ትዕግሥት የሌለውን ሰው ያስገርመዋል። የተመታውን ቁጥር ግን ሳሙናም አይንካው፤ እነዚያ ሁለት ፊደላት ከጠፉ አይመለሱም።

ሁሉንም ነገር እንዳለ ተዉ ማለቴ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። የትራንስፎርመር ገመድ መሸፈኛው ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ይለወጥ። ዜድ-ደብሊው የሚባለው ትልቁ ትራንስፎርመር 275 ዋት ነው፤ ቤት የሚያቃጥል ኃይል ከታሪክ ጋር አይደራደርም። መለኪያዬ ይህ ነው፤ የሰው ሕይወት የሚነካ ከሆነ ይለወጣል፤ የተቀረው ግን ነገ ሌላ ሰው ወደ ነበረበት ሊመልሰው በሚችል መንገድ ብቻ ይነካል። የወጣው ዕቃም አይጣልም። በትንሽ ፖስታ ተጠቅልሎ፣ ከየትኛው ባቡር እንደወጣ ተጽፎበት፣ ከሳጥኑ ጋር ይቀመጣል።

በሌላው ጫፍ የቆሙትንም አልደግፍም፤ ከነካርቶኑ ገዝተው መስታወት ውስጥ የሚቆልፉትን። የማይነዳ ሞተር ግሪሱ ይጠጥራል፣ ዘንጉ ይነክሳል። ባቡር በየጊዜው መሄድ አለበት።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? አባቴ ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሀዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር። ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ መስመር ነበር። አባቴ ከሥራ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ፍጥነት አልነበረም፤ ስለ ቶን ነበር። ይህ ሎኮ እስከዚህ ጣቢያ ይህን ያህል ይጎትታል፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ስለሚከብድ ፉርጎ ይፈታለታል። ማሽኑን የሚያዋርድ ሰው እሱ ዘንድ ከአቅሙ በላይ የሚጭን ሰው ነበር። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ስለማይጠበቅ የተበላሸውን በሞርሳ አስረው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ በቶርኖ አዲስ ቀርጸው ያንኑ ዕቃ ይመልሱታል። የወጣውን ዕቃ የማልጥለው ከእሱ ተምሬ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ሁሉ ቡሎን ነበረበት።

ሜሪላንድ ስመጣ ታክሲ እነዳ ነበር። ቋንቋው፣ ወረቀቱ፣ መኪናውም ሳይቀር ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ የማይነበብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ አውጥቶ የሚሸጠው ሳጥን ውስጥ ሎኮሞቲቭና የተጣመመ ሀዲድ አገኘሁ። ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ ጥፍሩን፣ ጥርሱን፣ ጣቶቹን እያየሁ ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር ውስጥ ከውስጥ ያወቅኩት የመጀመሪያው ዕቃ ነው። ከአባቴ ጋር በስልክ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ስለ ኑሮዬ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረኝም፤ ስለ ከበሮዋ ግን ግማሽ ሰዓት አወራሁት፣ እሱም ካርቦኑን በምን እንዳጸዳሁት ጠየቀኝ። በሰው ፊት ሳላፍር የምናገረው ነገር ከሩቅ አገር እንደገና አገናኘን። ለዚህ ነው ይህ ነገር ለእኔ ጊዜ ማሳለፊያ ያልሆነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የዘመድና የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ። ወደ መቆጣጠሪያው ከመጠጋታቸው በፊት አንድ ነገር አስተምራቸዋለሁ፤ ኃይሉን ዝጉ፣ ክፈቱ፣ ስሙ። ባቡሩ ቆሞ ሲጉረመረም ሁሉም ተበላሸ ይላሉ። እንደገና ዝጉና ክፈቱ ስላቸው ወደኋላ ይነሳል። ከመካከላቸው አንዱ “ውስጡ ማን አለ?” ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ክዳኑን እከፍትና ከበሮዋ ስትዞር አሳያለሁ። ቦርድ ያለበት ባቡር ለልጅ ይታዘዛል፣ ጥያቄ ግን አያስነሳም። እኔ ጥያቄው እንዲነሳ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ በእኔ እጅ ካለ ባቡር ላይ ከበሮ አይወጣም፣ ምክር ለሚጠይቀኝም የምሰጠው ይህንኑ ነው።