«የተዛባ ካርታ» ወይስ «ምጥን ካርታ»?

አኃዛዊ መረጃን በሥዕል የማስረዳት ጥበብ እየተስፋፋ በሄደ መጠን የካርታ ሥራ ቃላትም የአማርኛ አቻ ይሻሉ። ከእነዚህም መካከል «ካርቶግራም» እና ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው፣ አካባቢዎችን ሁሉ በእኩል ክፍሎች የሚወክለው ካርታ ይገኛሉ። የመጀመሪያውን «የተዛባ ካርታ»፣ ሁለተኛውን «ንጣፍ ካርታ» ብሎ የመተርጎም ዝንባሌ ይታያል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱንም ስያሜዎች አይቀበልም፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

በካርቶግራም የአንድ አካባቢ ስፋት የሚሣለው በመሬቱ ልክ ሳይሆን በሚገለጸው አኃዝ ልክ ነው። ኤርዊን ራይዝ እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ በአራት ማዕዘኖች ሠርቶ አሳይቷል፤ ጋስትነርና ኒውማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የአካባቢዎች ጉርብትና ሳይፈርስ ስፋታቸው የሚለወጥበትን የስሌት ዘዴ አቅርበዋል። የአገራችንን ምሳሌ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን፣ የአፋር ክልል 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። በተለመደው ካርታ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሸፍነው አዲስ አበባ ነጥብ ስታህል አፋር ሰፊ ቦታ ይይዛል። በዚህ የሕዝብ ቁጥር በተሠራ ካርቶግራም ግን አዲስ አበባ የአፋርን እጥፍ ያህል ትሆናለች።

እንግዲህ የተዛባው ምኑ ነው? «የተዛባ ፍርድ»፣ «የተዛባ መረጃ» ስንል ስሕተትን መንቀፋችን ነው፤ እዚህ ግን ስፋቱ ከአኃዙ ጋር በትክክል ተስተካክሏል። የወሰን ነገር ስሜት በሚቀሰቅስበት አገር፣ ክልሉ አንሶ የተሣለበት አንባቢ «የተዛባ» የሚል ርእስ ቢያይ አኃዙንም አብሮ ቢጥል አይፈረድበትም። በሌላ በኩል የተለመደውም ካርታ ከመዛባት ነጻ አይደለም። ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው አሣሣል ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል ትመስላለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ስለዚህ ቃሉ አንዱን ካርታ ከሌላው አይለይም።

«መጠነ» ከሚለው ግስ የወጣው «ምጥን» ግን ነገሩን ይገልጻል። «ምጥን ሽሮ» የምንለው ቅመሙ በልክ የገባበትን ነው፤ «ምጥን ካርታም» ስፋቱ በአኃዝ ልክ የተሰጠ ማለት ይሆናል። «ምጥን» አጭርንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ «ካርታ» ከሚለው ቃል ጋር ተጣምሮ ብያኔው ሲሰጠው አሻሚነቱ ይወገዳል።

ሁለተኛው ካርታ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያው ቆጠራ 27 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበረው ኦሮሚያና 183 ሺህ ያህል የነበረው ሐረሪ እኩል ክፍል ያገኛሉ፤ መረጃው የሚነበበው ከቀለሙ ወይም ከተጻፈበት ቁጥር ነው። «ንጣፍ» ወለሉን እንጂ እኩልነቱን አይናገርም። «ካሬ» እንዳይባል ደግሞ ክፍሎቹ ባለ ስድስት ጎን የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በገበጣ ግን ጠጠሩ ቢበዛም ቢያንስም ጉድጓዶቹ እኩል ናቸው፤ ቁጥሩ ያለው በውስጣቸው ነው። ስለሆነም «ገበጣ ካርታ» ቢባል ሕፃን እንኳ ይረዳዋል።

ባጭሩ፣ በአንደኛው ስፋት ይናገራል፤ በሁለተኛው ስፋት ዝም ይላል። ይህን ልዩነት የማያሳይ ስያሜ አንባቢን ስለሚያሳስት በመዝገበ ቃላት ሊገባ አይገባውም።