ቅዝቃዜው ሳይሆን ሽክርክሪቱ ይመስክር

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የቆመ ጄት ከመንቀሳቀሱ በፊት የሌዘር ጋይሮስኮፖቹ የመሬትን መሽከርከር ይለካሉ፤ ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚለዩት በዚህ ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ እግራችን ሥር ያለው መሬት በሰዓት 2.35 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ስለ ሱፐርፍሉይድ፣ ያለ ሰበቃ ስለሚፈሰው ቁስ፣ ስናስረዳ ከቅዝቃዜው መጀመር ልማዳችን ነው። እኔ ግን ጋይሮስኮፖቹ እንደሚለኩት ካለ ሽክርክሪት መጀመር አለብን እላለሁ። ቅዝቃዜ ሱፐርፍሉይድ እንዲፈጠር ያደርጋል እንጂ ለመፈጠሩ ማስረጃ አይሆንም።

ሱፐርፍሉይድ ሲዞር እንደ ተራ ፈሳሽ ሁለመናው አይዞርም፤ በውስጡ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፤ የእያንዳንዱ አዙሪት ጥንካሬም የፕላንክ ቋሚ ለአቶሙ መጠነ ቁስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በቦሌው ፍጥነት ለሩቢዲየም 87 አቶሞች ብናሰላ ለአንድ አዙሪት 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ማቀፊያ ውስጥ የሚያዘው የቀዘቀዘ የአቶም ደመና ግን የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድም አዙሪት አይገባበትም። ማቀፊያው ፍጹም ክብ ከሆነ መሬቱ ሲዞር ደመናው አይዞርም። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን የኤምአይቲው የቮልፍጋንግ ኬተርሌ ቡድን የሶዲየም ደመናን በሌዘር አማሰለ። ማቀፊያው ሲለቀቅ ደመናው ሰፋ፤ ጥላው ፎቶ ሲነሳም ከ100 የሚበልጡ ቀዳዳዎች በሦስት ማዕዘን ሥርዓት ተደርድረው ታዩ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አዙሪት ነው።

ማቀፊያው ለስላሳ ከሆነ ተራ ጋዝም ለጊዜው ሳይዞር ይቆያል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ አለመዞር ብቻውን አይበቃም። ገንዳ ውስጥ ያለ ውኃም አዙሪት ያበጃል ቢባል፣ የውኃው አዙሪት የፈለገውን ያህል ሊጠነክር ወይም ሊደክም ይችላል፤ የሱፐርፍሉይዱ ግን ሁሉም እኩል ነው። ምስክርነቱ ይህ እኩልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሊቲየም 6 አቶም ጥንዶች ያለ ሰበቃ መፍሰሳቸውን ያረጋገጠውም የአዙሪቶቹ ሥርዓት ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ልኬቶች በተዘዋዋሪ የሚጠቁሙ ነበሩ። ሽክርክሪቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ማቀፊያው ደመናውን መያዝ ያቅተዋል፤ ፈተናውም ወሰን አለው።

የሚያቀዘቅዝ ቤተ ሙከራ ስለሌለን ይህን ማስተማር ያስቸግራል የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ለስሌቱ የፕላንክ ቋሚ፣ የአቶሙ መጠነ ቁስ፣ የመሬት የመሽከርከር ፍጥነትና የከተማው ኬክሮስ ይበቃሉ። መምህራን ሆይ፣ ፎቶውን ከማሳየታችሁ በፊት ተማሪው የራሱን ከተማ ኬክሮስ አስገብቶ ያስላ።