ከፍ ያለ ካልሲየም ሁሉ በሽታ ነውን?

የደም ካልሲየም ተለክቶ ከመደበኛው ወሰን ካለፈ፣ ሐኪም በቅድሚያ የሚጠረጥረው የፓራታይሮይድ ዕጢን ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሆኖም ሲኤኤስአር የተባለው ጂን ከታወቀ ወዲህ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ ታካሚን ሊጎዳ እንደሚችል ማስረጃው ግልጽ ሆኗል።

ዕጢው የካልሲየምን መጨመርና መቀነስ እንደሚከታተል ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ በምን እንደሚከታተል ግን አልታወቀም። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ብራውን፣ ስቲቨን ሄበርትና ባልደረቦቻቸው ከከብት ፓራታይሮይድ ዕጢ የወሰዱትን አርኤንኤ ወደ እንቁራሪት እንቁላል አስገቡ። እንቁላሉ ከውጭ ላለው ካልሲየም ምላሽ ሲሰጥ እያዩ ካልሲየምን የሚለየውን ተቀባይ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ሙከራውን ታላቅ የሚያደርገው ያረጋገጠው ሐሳብ ነው፦ ካልሲየም አጥንት የሚሠራበት ማዕድን ብቻ አይደለም፤ እንደ ሆርሞን ሁሉ ሕዋስን ከውጭ የሚያዝ መልእክትም ነው።

ይህን ተቀባይ የሚሠራው ሲኤኤስአር ጂን በሰው 3ኛ ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ይገኛል። ፕሮቲኑ 1,078 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት፣ ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ከሕዋሱ ውጭ ነው። ካልሲየም ሲበዛ ተቀባዩ ይነቃል፤ ዕጢው የደም ካልሲየምን ከፍ የሚያደርገውን ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ትርፉን በሽንት ያስወጣል።

ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ፣ ተቀባዩ የሚነቃው ካልሲየሙ ከወትሮው ከፍ ሲል ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከፍ ያለ የደም ካልሲየም ይዞ፣ በሽንቱ ግን ጥቂት ብቻ እያስወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ይኖራል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አንገታቸው ተከፍቶ ዕጢያቸው ተቆርጧል፤ ካልሲየማቸው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ከፍ እንዳለ ቀርቷል። «ጉዳት የለውም» ብሎ ፋይሉን መዝጋትም አይገባም። ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹበት ሕፃን ገና እንደተወለደ ለሕይወቱ በሚያሰጋ የካልሲየም ብዛትና በአጥንት መሳሳት ሊጠቃ ይችላል። ወላጅን ያልነካው ለውጥ ልጅን ሊገድል ይችላልና፣ ነገሩ በቤተሰብ ደረጃ መታየት አለበት።

በእኔ እምነት ከባዱ ስህተት በተቃራኒው በኩል ነው። በ1994 የተገለጠው ሌላ ዓይነት ለውጥ ተቀባዩን ከልክ በላይ ንቁ ያደርገዋል፤ የደም ካልሲየም ቢወርድም ኩላሊት ማስወጣቱን አይተውም። ቁጥሩን ወደ መደበኛው ለመመለስ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በብዛት ሲሰጥ፣ ትርፉ ወደ ሽንት ይፈስሳል፤ ኩላሊት ውስጥ ጠጠርና የካልሲየም ክምችት ይፈጠራል፣ ሥራውም ሊደክም ይችላል። የጡንቻ መኮማተርም ሆነ መንዘፍዘፍ የሌለበትን ሰው ቁጥሩን ለማስተካከል ብቻ ማከም እዚህ ላይ ጥፋት ነው።

ተቀባዩን ይበልጥ ንቁ የሚያደርገው ሲናካልሴት የተባለው መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ጸድቆ፣ በኩላሊት እጥበት ላይ ላሉ ሕሙማን መዋል ጀምሯል። የግኝቱ ሌላ ፍሬ ግን መድኃኒት እንኳ አያስፈልገውም። ቢላ ከመነሣቱ በፊት የታካሚው የሽንት ካልሲየም ይለካ፤ የወላጆቹ፣ የእኅት ወንድሞቹና የልጆቹ የደም ካልሲየምም ይመርመር።