«ሃይላንድ» የሚለው ቃል በይፋት ቆላ

ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚገባ ቃል ሁሉ እንደ ጠላት ሊባረር አይገባውም፤ ሁሉም ደግሞ እንደ ክቡር እንግዳ ከፍ ካለ ወንበር ሊቀመጥ አይገባውም። ሊቃውንት አንድ ቅኔ ሲሰሙ ሰሙንና ወርቁን ለይተው እንደሚመረምሩ፥ መጤውም ቃል ምን ይዞ እንደ ገባና ምን ሆኖ እንደ ተቀመጠ ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህ ምርመራ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ዕለት ዕለት የሚነገረው «ሃይላንድ» የሚለው ቃል ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ የሁለት ቃላት ጥምር ነው። «ሃይ» ከፍ ያለ፥ «ላንድ» ምድር ማለት ነውና፥ ሲገጥም ከፍ ያለ ምድር፥ ባማርኛ ደጋ ይሆናል። የስኮትላንድ ሰሜናዊ ተራራማ ክፍልም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ አፍ የገባው ግን በመጽሐፍ ሳይሆን በውኃ ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽገው ከተሸጡት ውኆች አንዱ በዚህ ስም ይጠራ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ስሙን ከውኃው ወደ ጠርሙሱ፥ ካንዱም ጠርሙስ ወደ ጠርሙሶች ሁሉ አሻገረው። ባጃጅ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ሲሆን የባለ ሦስት እግሩ መኪና ሁሉ ስም እንደ ሆነ፥ ኦሞም የአንድ የልብስ ሳሙና ዱቄት ስም ሲሆን የሁሉም እንደ ሆነ፥ ይህም እንዲሁ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዚያ ሙቀት «ሃይላንድ» ሳይዝ የሚሄድ መንገደኛ ጥቂት ነው። ሽንኩርት የሚኰተኵተው ገበሬ የሚጠጣውን ይይዝበታል፤ ባለ ሱቁ ዘይት ይሰፍርበታል፤ ክርስቲያኑ ጠበል ይቀዳበታል፤ ሙስሊሙ የውዱእ ውኃውን ይይዝበታል። «ግማሽ ሃይላንድ» ሲባል መስፈሪያ ነው፤ «ሃይላንዴ»፥ «ሃይላንዱ»፥ «ሃይላንዶች» ሲባልም ቃሉ ያማርኛን ዝርዝርና ብዛት ተቀብሏል። በአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ዳር ሕፃናት መኪና ባዩ ጊዜ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ፥ አማርኛ የማያውቅ እንግሊዛዊ ቢሰማቸው ተራራ የሚለምኑ ይመስለዋል። የሚለምኑት ግን ተሳፋሪው ጠጥቶ የሚጥለውን ባዶ ጠርሙስ ነው። ላንዱ ጥራጊ የሆነው ለሌላው የትምህርት ቤት ውኃ መያዣ መሆኑን ያሰበ ሰው፥ ይህን ጩኸት በቀላሉ አያልፈውም።

«ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» የሚል ተረት አለ። ይህ ቃል ግን ባገሩ ድንጋይና ተራራ ነበረ፤ ካገሩ ሲወጣ ቅል ሆነ። ሰሙ ቀልጦ ወርቁ የገባበት ቃል ይህን የመሰለው ነው።

ከዚህም የሚረቅ ነገር አለ። እንግሊዞች ቃሉን ሲከፍሉት «ሃይ» እና «ላንድ» ይሆናል፤ ያማርኛ ጆሮ ግን በሌላ መገጣጠሚያ ከፍሎ «ኃይል አንድ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። በጽሕፈት ጠርሙሱ በሃሌታው «ሀ»፥ ኃይል በብዙኃኑ «ኀ» መጻፋቸው ለዓይን ይለያቸዋል እንጂ ለጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ ባለ ቅኔ እንዲህ ቢል ያምርለታል፤

ምንጭ ሁሉ ብቻውን በቆላ ሲነጥፍ፥
ሃይላንድ ሲሆን ነው ከጥም የሚያተርፍ።

ሰሙ ምንጭ በነጠፈበት ቆላ መንገደኛውን ከጥም የሚያድነው የያዘው ጠርሙስ ነው ማለት ነው። ወርቁ ግን «ኃይል አንድ ሲሆን ነው» ይላል፤ ብቻውን የሚፈስ ምንጭ እንደሚደርቅ፥ ብቻውን የሚቆም ሕዝብም እንደዚሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬንና አካባቢዋን ያቃጠለውን ግጭት፥ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት መድረሱን ያየ የይፋት ሰው፥ ይህን ወርቅ ያለ አስተርጓሚ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ቃሉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ሆዱ ሰፊ በመሆኑ ቅልንም ኮዳንም ውጦ፥ እያንዳንዱ ዕቃ የነበረውን ልዩ ስም ከልጆች አፍ እያራቀ ነው። ከዚህ የሚከፋው ነቀፌታ ግን የሚገባው ለሕዝቡ ሳይሆን ለተማረው ነው። ሕዝቡ የባዕዱን ቃል አቅልጦ የራሱን ዕቃ ሠራበት፤ የተማረው ሰው ግን ሳያቀልጠው እንዳለ ያመጣዋል። በስብሰባ ላይ ቆላ ማለት ሲችል «ሎውላንድ»፥ ደጋ ማለት ሲችል «ሃይላንድ» ይላል። አንድ የእርሻ ባለ ሙያ በይፋት ገበሬዎች ፊት ቆሞ «ሃይላንዱ በዛፍ ይሸፈን» ቢል፥ ገበሬው ጠርሙሱ በዛፍ የሚሸፈነው ለምን ይሆን ብሎ ይገረማል እንጂ ምክሩን አይሰማም።

ይህም የቀልድ ነገር አይደለም። የሮቢ፥ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች ከምሥራቅ ሸዋ ገደል ወርደው ይፋትን አጠጥተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ጫካው የተመነጠረ ተዳፋት የክረምቱን ዝናም ሳይመጥ በጎርፍ ይለቀዋል፤ በበጋም ለምንጩ የሚያተርፈው የለውም። እንግዲህ ከደብረ ሲና በስተደቡብ ያለው የወፍ ዋሻ ጫካና የጣርማ በር ደጋ መጠበቅ የቆላው ሰው የሕይወቱ ጉዳይ ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር ገበሬው ጠርሙስ በሚለው ቃል ሊነገረው አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ሲሰየም «ቆላማ» መባሉ፥ ያገሩ ቃል ለትልቅ መሥሪያ ቤት ስም እንደሚበቃ አሳይቷል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ይገባል። «ሃይላንድ» ለጠርሙሱ ስም ሆኖ ይኑር፤ ሕዝቡ ሠርቶታልና ያማርኛ ቃል ነው። ለምድሩ ግን ደጋ የሚባል ስም ከጥንት አለው፤ መምህሩም፥ ባለ ሙያውም፥ ጸሐፊውም በዚሁ ስም ይጥሩት። ያን ጊዜ የቆላው ገበሬ ጠርሙሱን የሚሞላው ውኃ ከየት እንደሚወርድ ሲነገረው፥ ነገሩን ካንድ አፍታ በላይ ሳይጠይቅ ያስተውለዋል።