የ«17» ሐዘን የማን ነው?

ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚያዳምጡትን ራፕ «ጩኸት ነው» ብሎ ማለፍ ለሐያሲ ይቀለዋል። እኛ ግን የፍሎሪዳውን ኤክስኤክስኤክስቴንታሲዮን (ስሙ ሲጠራም ሲጻፍም ያደክማል) እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን «17» የተሰኘ አልበም ደጋግመን ሰማነው። 11 ክፍል አለው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ይመስላል። የወዳጅን ሞትና የራስን ተስፋ መቁረጥ ሳያፍር መናገሩ ብዙ ወጣት ማርኳል፤ እኛንም ነክቶናል።

ይህ ልጅ በ2016 ነፍሰ ጡር ፍቅረኛውን ደብድቧል ተብሎ ተከሷል። ክሱን ክዷል፤ ፍርድ ሳያገኝ በሰኔ 2018፣ በ20 ዓመቱ፣ በዘራፊዎች ጥይት ተገደለ። ስፖቲፋይ የተባለው ሙዚቃ አሰራጭ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ዘፈኖቹን ከምርጥ ዝርዝሮቹ አውጥቶ፣ ወዲያው ደግሞ ሐሳቡን ቀይሯል። እርሱ የነጋዴ ነገር ነው።

«ሥራውን ከሠሪው ለዩ» የሚሉን አሉ። እሺ፣ እንለይ፤ ዘፈኑን ብቻ እንመዝን። «ካሪ ኦን» በተባለው ውስጥ ዘፋኙ በሐሰት የተወነጀለ፣ በሚያምናት የተከዳ ሆኖ ይቀርባል፤ ሴቲቱን ይረግማታል። የእርሷ ሕመም በዚያ ዘፈን አንዲት መሥመር አላገኘም። ስለ ሥቃይ ይህን ያህል የሚያውቅ ጆሮ የሌላውን ሥቃይ አለመስማቱ የሰውየው ብቻ ሳይሆን የዘፈኑም ጉድለት ነው እንላለን።

ዜማው ግን እዚያም ያምራል፤ የተጨነቅነውም ለዚሁ ነው።