ጠባቂ ያለው ፓኬጅ

ሰርቨር ስረከብ መጀመሪያ የማጣራው የተጫኑትን ፓኬጆች ማን እንደሚጠብቃቸው ነው። ኡቡንቱ ላይ «ሜይን» ውስጥ ላሉት የካኖኒካል ደመወዝተኞች አሉላቸው። «ዩኒቨርስ» ውስጥ ያሉት ግን በመሠረቱ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ናቸው፤ ኡቡንቱ ፕሮ ላይ ያልተመዘገበ ማሽን የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኘው አንዱ ከእንጀራው ሥራ ጊዜ ሲተርፈው ነው። አፕት ሁለቱንም በአንድ ትእዛዝ ይጭናል። ልዩነቱ የሚታወቀው ክፍተት የተገኘ ዕለት ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ዘገምተኛ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ክፍተት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ ሲሆን፣ ስንቱ ድረ ገጽ የተደገፈበት ይህ ላይብረሪ በዓመት የሚሰበስበው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ያም ሆኖ ዴቢያን፣ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሆኖ ሳለ፣ ማሻሻያውን በዚያው ዕለት አደረሰ።

እንዴት እንዳደረሰው ማየት ደግሞ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው። የኦፕንኤስኤስኤል ሰዎች ቀዳዳውን የደፈኑት በ1.0.1ጂ ነው። ዴቢያን 1.0.1ጂን እንዳለ አላመጣም፤ ጥገናዋን ብቻ ወስዶ በነበረው 1.0.1ኢ ላይ ጣፋት። የቨርዥኑ ጅራት ብቻ «ዴብ7ዩ5» ሆነ። ቁጥር ብቻ የሚያነብ ስካነር እንዲህ ያለውን ሲያይ ዛሬም ቀይ ያበራል፤ ኦዲተሩም «ለምን አላዘመናችሁም?» ይላል፤ እኔም ቼንጅሎጉን ከፍቼ የሲቪኢ ቁጥሩን በጣቴ አሳያለሁ። (አንዳንዱ ይህንንም አይቶ ሪፖርቱን አይቀይርም።)

ፓኬጁ መግባቱም ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ላይብረሪ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ፣ ቀድሞ የተነሣው አፓቼ አሮጌውን በሜሞሪ ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ዴቢያን ይህን አይቶ ወዲያው «ዴብ7ዩ6»ን አስከተለ፤ ሥራውም ሪስታርት የሚያስፈልጋቸውን አገልግሎቶች ፈልጎ አስተዳዳሪውን መጠየቅ ነበር። አዎ ብሎ መመለስ የእኛ ፋንታ ነው። ከማሻሻያ በኋላ ኒድሪስታርትን ሳላይ ከሰርቨር አልወጣም።

አዲስ ቨርዥን ሁሉ ጥገና እንዳልሆነ ደግሞ ኤክስዜድ አሳይቶናል። ፓኬጁን ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የማይታወቁ ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወተወቱት፤ «ጂያ ታን» የሚባል ትጉህ ረዳት ቀስ በቀስ ሥልጣኑን አገኘ። በ5.6.0 እና በ5.6.1 የኋላ በር ተቀበረ። የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ በማርች 2024 ያጋለጠው፣ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለዘገየበት ነበር። የዴቢያን የተረጋጋው እትም አሮጌውን ይዞ ስለቆየ ተረፈ፤ የተነካው አዲሱን ቀድሞ የተቀበለው የሙከራው ወገን ነው።

ከዚያ ወዲህ «መቼ ነው የሚወጣው?» ብሎ ለጠባቂው የሚጽፍ ባልደረባዬን አስቆማለሁ። ያ ጥያቄ አንድ ብቸኛ ሰውን ለማድከም እንዴት እንደዋለ አይተናል። ጥገናው ከተለጠፈ በሙከራ ማሽን ላይ ገንብተን፣ በየትኛው እትም እንደሠራና የት እንደተሰበረ እንልክለታለን። እስኪወጣ ድረስ አገልግሎቱን ከውጭ እንዘጋለን። ጠባቂው ለዓመታት ድምፁ ያልተሰማን ፓኬጅ ግን፣ ተጠቃሚው ቢያጉረመርምም፣ ከሰርቨሩ አወጣዋለሁ።